ፓርኮቹ በኮሮና ጊዜ እንዴት ተከፈቱ? ካሹስ ለምን ቀረ? ጥያቄና መልስ

ኦርላንዶ ውስጥ ሥራዬ መዝናኛ ፓርክ በር ላይ ነው። ቲኬት፣ ክፍያ፣ ወረፋ። በ2020 ሲዘጋም ሲከፈትም እዚያው ነበርኩ። ዘመድ ወዳጅ እስከ ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ይጠይቀኛል። በተለይ የካሹ ነገር፣ ብዙ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም መባሉ፣ አላለቀም። ስለዚህ «ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ» አልኩ፣ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ቀናቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፍሎሪዳው ዲዝኒ በዚያው በ2020 ተከፈተ፣ የካሊፎርኒያው ግን ከዓመት በላይ ተዘጋ። ኩባንያው አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ኩባንያው አንድ ነው፣ ፈቃጁ ግን ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ፓርክ ዝጋ፣ ክፈት የሚለው ዋሽንግተን ሳይሆን ስቴቱና ካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው።

ፍሎሪዳ ላይ ፓርኩ የራሱን ዕቅድ ጽፎ ለካውንቲው ያቀርብ ነበር፣ ከዚያ ስቴቱ ያጸድቅ ነበር። ዩኒቨርሳል በዚህ መንገድ ጁን 5 ተከፈተ። ሲወርልድ ጁን 11 ተከተለ። ከዲዝኒ ደግሞ ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም ጁላይ 11፣ ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ጁላይ 15 በራቸውን ከፈቱ።

ካሊፎርኒያም ላይ ዲዝኒ ለጁላይ 17 ቀጠሮ ይዞ ነበር። ስቴቱ መመሪያውን ስላላወጣ ቀኑ ተሰረዘ። በኋላ ካውንቲዎች እንደ ታማሚያቸው ብዛት በቀለም ተመደቡ፣ ታማሚ በጣም ጥቂት የሆነበት ቢጫ ነው። ኦክቶበር 20 የወጣው መመሪያ ትልልቅ ፓርኮች የሚከፈቱት ካውንቲያቸው ቢጫ ሲደርስ ብቻ ነው አለ። ቢጫ ለመድረስ ደግሞ ከ100,000 ሰው መሃል በቀን የሚገኘው አዲስ ታማሚ ከአንድ ማነስ ነበረበት። ያኔ ለትልቅ ካውንቲ ይህ የማይታሰብ ነበር። ማርች 2021 ላይ ሕጉ ላላ፦ ቀይ ካውንቲ 15 በመቶ፣ ብርቱካናማ 25፣ ቢጫ 35 በመቶ እንግዳ እንዲያስገባ ተፈቀደ። የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ኤፕሪል 30፣ 2021 ተከፈተ፣ መጀመሪያ ላይ ለስቴቱ ነዋሪዎች ብቻ። በነገራችን ላይ የሁለቱም ካውንቲ ስም ኦሬንጅ ነው፤ ዜና ላይ ሰው የሚያምታታው ለዚህ ነው።

ማን ልክ ነበር ላላችሁኝ፣ ሁለቱም የጎደላቸው ነገር ነበር። ማጂክ ኪንግደም በተከፈተ ማግስት ፍሎሪዳ በአንድ ቀን ከ15,000 በላይ አዲስ ታማሚ መዘገበች። እስከዚያ ቀን የትኛውም ስቴት ያላየው ቁጥር ነው። ፓርኩ አመጣው ማለቴ አይደለም፣ በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም። ግን ሰው እንዲህ እየታመመ ርችት ባይኖርም በር መክፈት ለእኛ ለሠራተኞቹ ከባድ ነበር። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ደጅ ያለን፣ ነፋስ የሚያገኘውን ቦታ ከሚገባው በላይ ዘግታ አቆየች፣ በመሃል ብዙ ሺህ ቤተሰብ ያለ ደሞዝ ቀረ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ቀድሞ የተከፈተው የትኛው ነው?

መልስ፦ ከዲዝኒዎቹ የሻንጋዩ። ጃንዋሪ መጨረሻ ተዘግቶ ሜይ 11፣ 2020 ተከፈተ። መንግሥት ከ30 በመቶ በላይ ሰው እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ለመግባት ስልክ ላይ አረንጓዴ የጤና ኮድ ማሳየት ግዴታ ነበር። ሆንግ ኮንግ ግን ጁን 18 ተከፍቶ ወር ሳይሞላው እንደገና ተዘጋ። መክፈት ማለት ተከፍቶ መቆየት ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም ከዚያ ተማርን።

ጥያቄ፦ በዚያ ሰሞን በሩ ላይ ምን ነበር የሚደረገው? እስቲ ያየኸውን ንገረን።

መልስ፦ መጀመሪያ ሙቀት ይለካል። 100.4 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እና ከዚያ በላይ ከሆነ አትገባም፣ አብሮህ የመጣውም አይገባም። በፀሐይ ከመኪና ማቆሚያ ሮጦ የመጣ ልጅ ሊሞቀው ስለሚችል ጥላ ሥር አረፍ ብሎ እንደገና ይለካ ነበር።

ዲዝኒ ዎርልድ፣ የፍሎሪዳው ዲዝኒ፣ ሲገባ ጣት ማስነካት ነበር፣ እሱ ቀረ። ቲኬቱን ወይም አምባሩን አስጠግተህ ታልፋለህ። ወለሉ ላይ የት እንደምትቆም ምልክት ተለጥፏል። ወረፋው በሚጠማዘዝበት ቦታ ጎን ለጎን የሚቆሙት እንዳይተነፋፈሱ ግልጽ ፕላስቲክ ተተክሏል። የትርዒት ሰልፍ የለም፣ ርችት የለም፣ ሚኪን አቅፎ ፎቶ መነሳት የለም።

ማስክ ከ2 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው። ሰው መላ አያጣም፤ መጠጥ ይዞ እየተራመደ «እየጠጣሁ ነው» ማለት ጀመረ። ሳምንት ገደማ ሳይቆይ ሕጉ ተለወጠ፦ መብላት መጠጣት የሚቻለው ቆሞ፣ ከሌላው ራቅ ብሎ ብቻ ሆነ። መጫወቻው ላይ ሲደርስ ማስኩን የሚያወርድም ነበር። ለሱ የተገኘው መፍትሔ ግሩም ነው። ማስክ ላላደረገ ሰው መጫወቻው ላይ የተነሳው ፎቶ አይሰጠውም። ከኛ ጩኸት ይልቅ የፎቶው መቅረት ብዙ ሰው አስተካከለ።

ጥያቄ፦ ሙቀት መለካቱ ጥቅም ነበረው?

መልስ፦ ትንሽ። ብዙ ሰው ምልክት ሳያሳይ ያስተላልፋል፣ ትኩሳት ማስታገሻ ውጦ የመጣንም መሣሪያው አይለይም። ዲዝኒ ዎርልድ በሜይ 2021 አቆመው። በኔ እምነት ዋናውን ሥራ የሠሩት ማስኩ፣ ቦታው ደጅ መሆኑና የሰው ቁጥር ማነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቲኬት ከገዛሁ በኋላ እንደገና ቀን ማስያዝ ለምን አስፈለገ? ለቤተሰቤ በጣም አናደደን።

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ቲኬት ያለው ሰው የትኛውን ቀን እንደሚመጣ ካልታወቀ የሰውን ብዛት መገደብ አይቻልም። ዲዝኒ ዎርልድ መጀመሪያ 25 በመቶ ገደማ ነበር የሚያስገባው፣ ኖቬምበር 2020 ወደ 35 ከፍ አደረገው። ያለ ቀጠሮ ሰው በሩ ላይ ይጠራቀም ነበር፣ መጠራቀም ደግሞ ነው የተፈራው። ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው መሻገርም እስከ 2021 መጀመሪያ ተከልክሎ ነበር።

የማልደግፈው ሌላ ነገር ነው። ኩባንያዎቹ ቀጠሮውን ስለወደዱት አደጋው ካለፈም በኋላ አቆዩት። ስንት ሰው እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ስንት ሠራተኛ እንደሚጠራ መወሰን ነውና። ዲዝኒ ዎርልድ ቀኑ ለተወሰነ መደበኛ ቲኬት ቀጠሮ ማስያዝን ያስቀረው ጃንዋሪ 9፣ 2024 ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ቨርጂኒያ ነን። ቡሽ ጋርደንስ በ2020 ያን ያህል ጥቂት ሰው ያስገባው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስቴቱ የመዝናኛ ቦታዎችን ከ1,000 ሰው በላይ እንዳያስገቡ ስለከለከለ። ለሲኒማ ቤት 1,000 ብዙ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ሄክታር ግን ባዶ ማለት ነው። ቡሽ ጋርደንስ ኦገስት ላይ አነስተኛ ዝግጅት አድርጎ ተከፈተ። ሌላው የቨርጂኒያ ፓርክ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ ግን የዚያን ዓመት መደበኛ ወቅት እንዳለ ሰረዘው። የቦታ ስፋትን የማያይ ቁጥር ለኔ ደካማ ሕግ ነው፤ በመቶኛ ቢሆን ይሻል ነበር።

ጥያቄ፦ ጃፓን ሮለር ኮስተር ላይ መጮህ ተከልክሎ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ክልከላ ሳይሆን ምክር ነበር። የፓርኮቹ ማኅበራት ጩኸት ምራቅ ስለሚረጭ ጮክ ብላችሁ አትጩሁ አሉ። ፉጂኪው የተባለው ፓርክ ሁለት ኃላፊዎቹ ማስክ አድርገው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ሲጋልቡ የሚያሳይ ቪዲዮ አውጥቶ «በልባችሁ ጩሁ» አለ።

ጥያቄ፦ ወደ ካሹ እንምጣ። በርግጥ ቫይረሱ በብር ኖት ይተላለፍ ነበር?

መልስ፦ ይህ ልቤ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማንም አያውቅም ነበር፣ ሁሉም የነካውን ይፈራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ገና በማርች 2020 ገንዘብ በሽታውን ያስተላልፋል እንዳላለ ገልጾ፣ ምክሩ እጅ መታጠብ ነበር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ኤፕሪል 2021 ላይ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው አለ። ዋናው መንገድ አየር ነው።

ታዲያ ሳይነካኩ መክፈል ከንቱ ነበር? አይደለም። እኔ ቆሜ ያየሁትን ልንገርሽ። በካሽ የሚከፍል ሰው ቦርሳ ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ሳንቲም ይወድቃል፣ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ። ፊት ለፊት፣ ተጠጋግተው። ስልኩን አስጠግቶ የሚከፍለው ቲት ሲል ሄዷል። ምግቡን ቀድሞ በስልክ ያዘዘው ደግሞ ጭራሽ ወረፋ አይሰለፍም። ጥቅሙ የወረቀቱን ቫይረስ ማስቀረቱ ሳይሆን ሰው ለሰው ፊት ለፊት የሚቆምበትን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። ይህ በግልጽ ቢነገር ኖሮ ካሽ የያዘ ሰው እንደ በሽተኛ ባልታየ ነበር። ታይቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ የዘረጉትን ሃያ ዶላር ገንዘብ ተቀባዩ በጓንት ጫፍ ሲቀበላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አልረሳውም።

ጥያቄ፦ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው፣ የያዘችው ጥሬ ዶላር ነው። አንቀበልም ሊሏት ይችላሉ? ኖቱ ላይ «ለማንኛውም ዕዳ ሕጋዊ ገንዘብ ነው» ተብሎ ተጽፎ የለም?

መልስ፦ ተጽፏል፣ ግን የሚያወራው ስለ ዕዳ ነው። ገና ያልገዛሽው ነገር ዕዳ አይደለም። የግል ድርጅት ካሽ እንዲቀበል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፣ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭም ይህንኑ ይላል። የሚያስገድዱ ስቴቶችና ከተሞች ግን አሉ፦ ማሳቹሴትስ ከ1978 ጀምሮ፣ ኒው ጀርሲ ከ2019፣ ኒው ዮርክ ከተማ ከኖቬምበር 2020። ፍሎሪዳ እንዲህ ያለ ግዴታ የላትም።

ብዙ ፓርኮች ካሽ አስገብተሽ ካርድ የሚሰጥ ማሽን አላቸው። የስጦታ ካርድ በካሽ መግዛትም ይቻላል። ካርዱን ከመውሰድሽ በፊት ክፍያ ይቆርጥ እንደሆነ፣ የተረፈው ገንዘብ የት የት እንደሚሠራ አንብቢ። እማማን ካርድ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ግን አንቺው በካርድሽ ብትከፍዪና እሳቸው ካሹን ቢሰጡሽ ይቀላል።

ነገሩ ግን ከእማማ ይሰፋል። የባንክ ተቀማጭን ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት (ኤፍዲአይሲ) በ2019 ባደረገው ጥናት ባንክ ሒሳብ የሌለው የአሜሪካ ቤተሰብ 5.4 በመቶ ነው፣ ጥቁሮች ዘንድ 13.8 በመቶ። ካሽ አንቀበልም ማለት ለነዚህ ሰዎች በር መዝጋት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ያለ ክፍያ ካርድ መስጠት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ለአለቆቼም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንታክትለስ ካርድ (ማሽኑ ላይ አስጠግተው የሚከፍሉበት) ኪሴ ውስጥ እያለ ሰው በሚጋፋበት ቦታ ሊዘርፉኝ አይችሉም?

መልስ፦ በጣም ከባድ ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም፣ ኃይል የሚያገኘው ከማሽኑ ነው፣ ርቀቱም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በየግዢው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ምስጢራዊ ኮድ ይፈጠራል፣ ሌባ ቢያገኘው ሁለተኛ አይጠቅመውም። በስልክ ስትከፍል ደግሞ እውነተኛው የካርድ ቁጥር ለሻጩ አይደርስም፣ በሱ ፈንታ ሌላ ቁጥር ነው የሚላከው። የሚያሰጋው ካርዱ ራሱ መጥፋቱ ነው። ያኔ ክሬዲት ካርድ ከሆነ በሕጉ ከ50 ዶላር በላይ አትጠየቅም። ዴቢት (ከባንክ ሒሳብህ በቀጥታ የሚቆርጠው) ከሆነ ግን በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቅህ እስከ 500 ዶላር ልትጠየቅ ትችላለህ። ስለዚህ ፓርክ ውስጥ ዴቢት አልመክርም።

ጥያቄ፦ ስልክ አስጠግቶ መክፈል ከቴሌብር ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቴሌብር፣ በሜይ 2021 የተጀመረው፣ ገንዘቡን በስልክ ቁጥር ሒሳብ ይይዛል፣ ባንክ ለሌለውም ይሆናል። አሜሪካ ያለው ስልኩን አስጠግቶ መክፈል ከጀርባው ካርድ ይፈልጋል። ባንክ የሌለውን ሰው በተመለከተ የሀገር ቤቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቹስ? ስለነሱ ማንም አያወራም።

መልስ፦ ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ዲዝኒ በሴፕቴምበር 2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 28,000 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሙሉ ሰዓት የማይሠራ ሠራተኛ ነበር። መድረክ ላይ የሚጫወቱት ተዋንያን ማስክ ማድረግ ስለማይችሉ ማኅበራቸው ምርመራ ይደረግልን ብሎ ተከራከረ። ወደ ሥራ የተመለሱት ኦገስት ላይ መመርመሪያ ጣቢያ እንደሚከፈት ከታወቀ በኋላ ነው። በሩ ላይ «ማስክህን ከፍ አድርግ» ሲባል የሚሳደብ ሰው የሚገጥመው ደግሞ በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ነው። ፓርክ ስትሄዱ ቲኬት የሚያየውን ልጅ ሰላም በሉት።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት ልጆች ይዤ ልመጣ ነው። ከዚያ ጊዜ እስካሁን ያለ ምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ማስኩ ሄዷል፣ ሙቀት መለካቱም ሄዷል። በስልክ ምግብ ማዘዝ ግን አሁንም አለ፣ ካርድ ብቻ የሚቀበሉ ቦታዎችም በዝተዋል። የፓርኩን አፕ ቤት ሆነህ አውርድ፣ ካርድህን እዚያው አስገባ፣ ቲኬቱ ቀን ማስያዝ የሚፈልግ መሆኑን አረጋግጥ። ቻርጀር ያዝ። ቲኬቱም ምግቡም ስልኩ ላይ ስለሆነ ባትሪ ከሰዓት በፊት ያልቃል፣ እዚያ የሚሸጠው ቻርጀር ደግሞ ውድ ነው።