20 ወይስ 60 ሊትር? ለመጀመሪያው አኳሪየም
ውድ ጠያቂ፣ ባሕር ዳር ለሚገኘው ቤትዎ ባለ 20 ሊትር ወይስ ባለ 60 ሊትር አኳሪየም (የዓሣ ማቆያ የመስታወት ገንዳ) እንደሚሻል ለጠየቁት፣ ያለማመንታት ትልቁን ይግዙ እላለሁ። ትንሹ ለጀማሪ የሚቀል ቢመስልም፣ ውሃው ጥቂት በመሆኑ ከዓሦቹ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ቶሎ ይመርዘዋል፤ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀትም በፍጥነት ይለዋወጥበታል። ትልቁ ግን ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጽኑ ማስቀመጫ ያሻዋል።

አጥብቄ የምለምንዎት ግን እንዳይቸኩሉ ነው፤ ዓሣ ሳያስገቡ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየጨመሩ ማጣሪያውን ቢያሠሩት፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ካለው አስቀድሞ ይወገድ። ከጣና የቆሮሶ ጫጩት አምጥተው አይጨምሩ፤ ሲያድግ ገንዳው ይጠበዋል። ጉፒ በሚባሉ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ይጀምሩ።