ናይሮቢ ላይ ገመድሽን ማን ይይዛል?

«ካዛንቺስ ነው የምሠራው፤ ለስልጠና አንድ ወር ናይሮቢ ልሄድ ነው። ውጭ ስማር ጂም ውስጥ ግድግዳ መውጣት ለምጄ ነበር። እዚያ ማንንም አላውቅም፤ ዓለት የት አለ? ከማንስ ጋር ልውጣ?» ላልሽው እህቴ። እኔም በሥራ ምክንያት ስድስት ወር እዚያ ቆይቻለሁ። ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ጥያቄሽን ገልብጪው። ዓለቱን ካርታ ላይ ታገኚዋለሽ። የሚያስቸግረው ገመድሽን የሚይዘው ሰው ነው። ደብረ ዳሞ የወጣ ወንድም ካለሽ ጠይቂው (ሴት ስለማይገባ ነው ወንድም ያልኩሽ)። በጠፍር ገመድ እየተሳብክ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ስትወጣ፣ ወገብህ ላይ የታሰረውን ሌላ ገመድ ከላይ አንድ መነኩሴ ይዞልሃል። ስሙን አታውቅም፣ ነፍስህ ግን እጁ ላይ ናት። ናይሮቢም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ መነኩሴው ሥራውን ለምዶታል፣ ጂም ውስጥ የተዋወቅሽው ሰው ግን መልመዱን የምታውቂው በራሱ አፍ ብቻ ነው።

ሰው ለማግኘት የማውንቴን ክለብ ኦፍ ኬንያን ያህል የጠቀመኝ የለም። በ1949 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተመሠረተ የተራራ ወጪዎች ክለብ ነው። በኔ ጊዜ ቤታቸው ዊልሰን ኤርፖርት ነበር፤ አንቺ የምታርፊው ጆሞ ኬንያታ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቺ። ያኔ ማክሰኞ ማታ ነበር የሚሰባሰቡት። ከአዲስ ሳትነሺ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመሽ ጻፊላቸው። እኔ መጀመሪያ «ሰላም፣ ክላይምቢንግ እወዳለሁ፣ የሚወስደኝ ሰው አለ?» ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም አልመለሰልኝም። እውነትም ምን ብለው ይመልሱ? ሁለተኛው ላይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደምቆይ፣ ቶፕ ሮፕ (ገመዱ አስቀድሞ ከላይ ያለፈለትን ወጪ) መያዝ እንደምችል፣ ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) እና ጫማ እንዳለኝ፣ ገመድ እንደሌለኝ፣ የቤንዚን እንደምካፈል ጻፍኩ። በዚያው ቀን ሁለት ሰው መለሰልኝ።

ስትቀጣጠሩ ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። በስዋሂሊ ሲቆጥሩ ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን በፈረንጁ ይቆጥራሉ። ሁለቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቀላቅል ሰውም አይጠፋም፤ አንዱን ቅዳሜ መንገድ ዳር ተገትሬ ያሳለፍኩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛን አበሾችን ገመድ ላይ የሚጎዳን ጉልበት ማጣት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። አንድ ማታ የቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ አንዱ «ሊድ ትይዛለህ?» አለኝ፤ ገመዱን ከታች ይዞ እየወጣ መንገድ ላይ የሚያያይዘውን ሰው ማለቱ ነው። ሲይዙ አይቻለሁ እንጂ ይዤ አላውቅም። ግን ሰውየው በመኪናው አምጥቶኛል፣ ሻይ ጋብዞኛል፤ እንዴት አልችልም ልበለው? «አዎ» አልኩ። ከፍ ብሎ እጁ ሲያመልጠው ገመዱን አብዝቼ ለቅቄለት ኖሮ፣ ካሰበው በላይ ወረደና ቁርጭምጭሚቱ ግድግዳውን መታ። አልተሰበረም፤ ሁለት ሳምንት ግን አነከሰ። አልተቆጣኝም። «አልችልም ብትለኝ እኮ አስተምርህ ነበር» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የማትችይውን ከመኪና ሳትወርጂ ተናገሪ። የሰውየውን ቋጠሮ፣ የካራቢነሩን (የብረት ማያያዣውን) መቆለፍ፣ የሃርነሱን ዘለበት በዓይንሽም በእጅሽም ፈትሺ፤ እሱም ያንቺን ይፈትሽ። እዚህ ቢሆን «ምነው፣ አላመንሽኝም?» ይባል ይሆናል። እዚያ ካልፈተሽሽ ነው የሚታዘቡሽ። ከማታውቂው ሰው ጋር የመጀመሪያውን ቀን ገደል አትሂዱ። ጂም ውስጥ ሦስት አራት ሜትር ውጪና «ልለቅ ነው» ብለሽ ተንጠልጠይበት። ዓይኑ ስልኩ ላይ ከሆነ ሻዩን ጠጥተሽ አመስግነሽ ተመለሽ። ምክንያት መስጠት የለብሽም።

ዓለቱ ጋ ስንደርስ፣ ሉኬንያ የሚባለው ዓለታማ ኮረብታ ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ በሞምባሳ መንገድ ነው፤ በክለቡ በኩል ጠይቀሽ ግቢ፣ ንብም አለ። ለጉዞ የሚያጓጓው ግን ናይቫሻ አጠገብ ያለው ሄልስ ጌት ነው። ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሳለ በእግርም በብስክሌትም ይገባበታል። ከበሩ ብዙም ሳትርቂ ፊሸርስ ታወር የሚሉት፣ 25 ሜትር ገደማ የሆነ የእሳተ ገሞራ ዓምድ ብቻውን ቆሞ ታገኛለሽ። ሥሩ ሽኮኮዎች አሉ፤ ምሳሽን ክፍት አድርገሽ ካስቀመጥሽ ያንቺ አይደለም። የመግቢያው ዋጋ በዜግነት ስለሚለያይ ፓስፖርትሽን ያዢ። በረጃጅሞቹ ገደሎች ላይ ጥንብ አንሳዎች ጎጆ ስለሚሠሩ፣ የትኛው እንደተከለከለ በር ላይ ጠይቂ። ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ጠባብ ሸለቆ እንዳትወርጂ፤ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ድንገተኛ ጎርፍ እዚያ ጎብኚዎችን ገድሏል። የነሱ ዝናብ ከኛ ጋር አይገጥምም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትንሹ ነው። የኛ ሐምሌና ነሐሴ ለነሱ ደረቅ ነው፤ ስልጠናሽ ያኔ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ።

ሳንባሽ አያሳስብሽ። አዲስ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ናይሮቢ 1,800 ገደማ፤ መውረድሽ ነው። መስቀል አደባባይ እርከኖቹን ጠዋት ጠዋት መሮጥ ለእግር ደህና ነው፣ ጣትሽን ግን አያጠነክረውም። እኔ የበር መቃን ላይ እንጠለጠል ነበር፤ አከራዬ አንድ ቀን አይተውኝ ሌባ መስያቸው ነበር።

የሰው ጫማ ብትጠቀሚ ግድ የለም። ገመድና ሃርነስ ግን ከየት እንደመጣና ስንት ዓመት እንደሠራ ካላወቅሽ አትንኪ፤ የራስሽን ሃርነስ ይዘሽ ሂጂ።

ገመዱን ሃርነስሽ ላይ የምታስሪበትን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ከረሳሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ነኝ። ሁለት ሜትር ገመድ ይዤ እመጣለሁ፤ የካፌ ጠረጴዛ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትቋጥሪው ድረስ እንለማመዳለን። የሚያየን ሰው ምን እንደሚል እንጃ።