ሽጉጤ ከመኪናዬ ተሰረቀ፤ ለፖሊስ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የኡበር ሾፌር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ራሴን ልጠብቅበት ብዬ ከሱቅ፣ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ገዛሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል የመኪናዬ መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። ሽጉጡን ማታ ከወንበሬ ሥር ትቼው ነበር፤ የለም። እስካሁን ለፖሊስ አልተናገርኩም። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቼ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። ጓደኛዬ «ቅጣቱ 25 ዶላር ነው፣ ዝም በል፤ ፖሊስ ጋ ከሄድክ ወረቀትህ ይበላሻል» አለኝ። ሌላ ጊዜ ሽጉጡን ቤት ሳስገባው ቁምሳጥን ላይ ነበር የማስቀምጠው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሰኞ ማታ ነው። ወዲያው ለብቻዎ የላክሁልዎትን እዚህም ልድገመው፦ ነገ ጠዋት፣ ሥራ ከመውጣትዎ በፊት ለፖሊስ ያመልክቱ። ቀሪውን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ይኸው ጥያቄ ከብዙ ወገኖቻችን ስለሚመጣልኝ ነው።

የጓደኛዎ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት መሣሪያ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ይህን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጣቱ በእርግጥም 25 ዶላር ነው። ከተደገመ ግን ነገሩ ወንጀል ይሆናል፣ መቀጮውም እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። እርስዎ ያወቁት ቅዳሜ ስለሆነ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለዎት። ሐሙስን ግን አይጠብቁ።

ለምን እንደምቸኩል ልንገርዎ። ሽጉጡ የዛሬ ዓመት አንድ ሰው የተገደለበት ቦታ ወድቆ ተገኘ እንበል። መርማሪው መጀመሪያ የሚያነበው መለያ ቁጥሩን ነው። አሜሪካ የመሣሪያ ባለቤቶች ሁሉ ስም የሰፈረበት አንድ ብሔራዊ መዝገብ የላትም። ስለዚህ ቁጥሩ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወደሚገኘው የኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ማዕከል ይላካል። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ፋብሪካውን ይጠይቃሉ። ፋብሪካው ለማን እንደሸጠ ይናገራል፣ እሱም የትኛው ሱቅ እንደወሰደው ይናገራል። ሱቁ ደግሞ እርስዎ ሲገዙ በእጅዎ ሞልተው የፈረሙትን 4473 የተባለ ፎርም ከፋይል ያወጣል። ፍለጋው የሚያበቃው እርስዎ ስም ላይ ነው። ከዚያ በርዎ ይንኳኳል።

ያን ቀን «ተሰርቆብኝ ነበር» ቢሉ ማን ያምንዎታል? ለማን ሸጥከው፣ ለማን አዋስከው ይባላሉ። አስቀድመው ካመለከቱ ግን ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት በእጅዎ አለ። ፖሊስም ቁጥሩን ኤፍቢአይ በሚያስተዳድረው የተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። ሽጉጡን የያዘው ሌባ ሌላ ከተማ ለትራፊክ ጥፋት ቢቆምና ቁጥሩ ቢፈተሽ፣ የተሰረቀ መሆኑ እዚያው ይታወቃል። አንድ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ሽጉጡ ከመንገድ የሚነሳበት ዕድል ይህ ነው። ለእኔ ከ25 ዶላሩም፣ ከወረቀቱም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሲያመለክቱ የሽጉጡን ስሪት፣ ሞዴል፣ ካሊበር (የጥይቱን መጠን) እና መለያ ቁጥር ይጠየቃሉ። ቁጥሩን ካላስታወሱ ደረሰኙን ወይም የመጣበትን ካርቶን ይፈልጉ። እሱም ከሌለ የገዙበት ሱቅ ይደውሉ፣ መዝገባቸው ላይ አለ። ግን ቁጥሩ እስኪገኝ ብለው ማመልከቻውን አያዘግዩ፤ በኋላ ሊያስሞሉት ይችላሉ። ሌባው ስለሄደ 911 መደወል አያስፈልግም፣ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የተመደበውን የፖሊስ ስልክ ይጠቀሙ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ።

አሁን እርስዎን የሚያስፈራዎት ጋ እንምጣ። ሽጉጡ ከወንበር ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ በኮሎራዶ ሕግ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ የሚተው ሽጉጥ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ መሆን አለበት። መኪናውም መቆለፍ አለበት። ከወንበር ሥር ይህን አያሟላም፣ ላባብልዎት አልችልም። ነገር ግን ይህ ጥፋት በገንዘብ መቀጮ የሚያልቅ እንጂ ወንጀል አይደለም። ፖሊሱ የት ነበር ብሎ ከጠየቀ እውነቱን ይናገሩ። «ሳጥን ውስጥ ቆልፌው ነበር» ብለው ከዋሹ ግን ለፖሊስ የሐሰት ሪፖርት መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መቀጮን ሸሽቶ ወንጀል ውስጥ መግባት ይሆንብዎታል። በሌላ ቀን መርማሪ ደውሎ «ና እናውራ» ካለዎት ደግሞ ብቻዎን አይሂዱ። ጠበቃ ይዘው ይሂዱ።

ግሪን ካርዱስ? የኢሚግሬሽን ሕጉ መሣሪያን በሕገወጥ መንገድ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በመጠቀም የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር እንደሚችል ይናገራል። ጓደኛዎ የሰማው ይህን ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ ግን ሽጉጡን የገዙት በሕግ ነው፣ የተሰረቁትም እርስዎ ነዎት። የስርቆት ተጠቂ መሆን ማንንም ከአገር አያስባርርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው። መቀጮ ወይም ክስ የሚል ማንኛውም ወረቀት ከደረሰዎት፣ ከመክፈልዎና «አጥፍቻለሁ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት። የዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ እስርና ስለ መቀጮ ይጠየቃሉ፤ እዚያም አይደብቁ። የብዙ ሰው ማመልከቻ ሲበላሽ ያየሁት ከጥፋቱ ይልቅ በመደበቁ ነው።

ይህን ያልኩት ግሪን ካርድ ላለው ሰው ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር ሽጉጥ መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለፖሊስ ከመናገሩ በፊት ጠበቃ ያማክር። ሌላ ግዛት የምትኖሩም ቀኑን ልብ በሉ። ቨርጂኒያ የምትሰጠው 48 ሰዓት ነው። ሜሪላንድ ለሽጉጥ 72 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ስቴት 24 ሰዓት።

ሰው ቢጎዳበት እከሰሳለሁ ወይ ብለው አልጠየቁም፤ መጠየቅ ግን ነበረብዎት። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ በቸልተኝነት ካሳ ሊጠይቅዎት ይችላል። ማሸነፍ አለማሸነፋቸው እንደ ሁኔታው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሱቅ ሽጉጥ ሲሸጥልዎ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት። ይኸው ሕግ ሽጉጡን በዚያ ቆልፎ ያስቀመጠን ባለቤት፣ ሌላ ሰው ሳያስፈቅድ ወስዶ ጉዳት ቢያደርስበት ከእንዲህ ዓይነቱ የካሳ ክስ ይከላከልለታል። አንድ ደንበኛዬ ልጁ ሽጉጡን አውጥቶ ለጓደኛው ካሳየ በኋላ ቢሮዬ መጣ። ካርቶኑን ይዞት ነበር። ስከፍተው ቢጫው የሽቦ ቁልፍ ከነላስቲኩ፣ ሁለቱ ትናንሽ ቁልፎች ከነወረቀታቸው ተቀምጠዋል። አንድም ቀን አልተከፈተም። ሰውየው ዝም ብሎ አየው።

ወደ ቁምሳጥንዎ ያመጣኝ ይኸው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንበር ስቦ ለመውጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ኮሎራዶ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው እንደሚችል እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ መሣሪያ ሳይቆልፍ ያስቀመጠን ሰው በወንጀል ትጠይቃለች። ይህኛው መቀጮ ብቻ አይደለም፤ እስከ 120 ቀን እስርና 750 ዶላር ድረስ ያስቀጣል። ልጁ ጉዳት እስኪያደርስም አይጠበቅም። ለእርስዎ ደግሞ የወንጀል ፍርድ ማለት ከኢሚግሬሽን ጋር አዲስ ጣጣ ነው።

አገር ቤት፣ በተለይ ገጠር ያደግን ሰዎች መሣሪያ ከባለቤቱ ሲለይ አናውቅም። አባት ሲሄድ ከትከሻው፣ ሲተኛ ከራስጌው ነው። እዚህ ሥራ ቦታ አይገባም፣ ትምህርት ቤት አይገባም። ኡበርና ሊፍትም ሾፌሩ መሣሪያ ይዞ እንዲሠራ አይፈቅዱም። ስለዚህ መኪና ውስጥ ብቻውን ይውላል፣ ብቻውን ያድራል። ሌቦቹም ይህን አውቀው ነው መስታወት የሚሰብሩት። ሌላ ሽጉጥ ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ ትንሽ የብረት ካዝና ገዝተው ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ያሳስሩ። የመክፈቻ ቁጥሩን ልጁ በሚያውቀው የልደት ቀን አያድርጉት። ለሥራ ሲወጡ ሽጉጡ እዚያው ይቅር።

የተከራይ ኢንሹራንስ ካለዎት ደግሞ ይደውሉላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከመኪና የተሰረቀ ዕቃም ይሸፍናሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁዎት የፖሊስ ኬዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሲሰጡዎት ፎቶ ያንሱት፣ አንዱን ኮፒ ለኢሚግሬሽን ጠበቃዎ ይስጡ፣ ዋናውን ከግሪን ካርድዎ ጋር ያስቀምጡት።