አንድ ማታ ዶፍ ስለጣለ ክረምት ገባ ማለት አይደለም

የዛሬው ጥያቄ ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከዋሂል በኩል የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አቦ ልጄ፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ መብረቅ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጣለልን። በማግስቱ ሙይራ ማሽላዬን ዘራሁ። ከዚያ ወዲህ 12 ቀን ሙሉ ጠብ አላለም። የበቀለው ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ሌላው ጭራሽ አልወጣም። ሬዲዮው ደግሞ በምሥራቁ ክፍል በጥቂት ቦታዎች ነጎድጓዳማ ዝናብ ይኖራል ይላል። ገልብጬ እንደገና ልዝራ ወይስ ልጠብቅ? ለሁለቱ ሰንጋዎቼም መኖ አልቆብኛል፣ የጠወለገውን እየነቀልኩ ልስጣቸው?»

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እሱ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። የጠወለገውን ቡቃያ ለሰንጋዎቹ እንዳይሰጡ።

ማሽላ ለጋ ሆኖ ውሃ ሲጠማው ከብት የሚገድል መርዝ ይይዛል፣ ሳያናይድ የሚባለውን። ከብቱ ሲያኝከው መርዙ ይለቀቃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከድርቁ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ እንደ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ለምለም ቅጠል ነው፤ ሲያዩት ያስጎመጃል፣ የራበው በሬ ከገባበት ግን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ሰው እስኪጠራ እንኳ አይቆይም። አንድ ጊዜ ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ ላሚቱ እርሻው ዳር ወድቃ አገኘኋት። አፏ ውስጥ ያላለቀ ቅጠል ነበር። ባለቤቱ «ትናንት እኮ ደህና ነበረች» እያለ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ አብዝቶ ዘርቶ፣ እያሳሳ ለሰንጋው እንደሚመግብ አውቃለሁ። ትልቅ ሙያ ነው፤ የሐረር ሰንጋ ስሙ የወጣው በዚህ ዓይነት እንክብካቤ ነው። ግን የሚሳሳው ማሽላ ከጉልበት በደንብ አልፎ ወደ ወገብ ሲጠጋ፣ ዝናቡም ሳይቋረጥ ሲያገኘው ነው። አሁን ከድርቅ የወጣ ከሆነ ዝናብ ካገኘ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይታገሱ። ያኔም ባዶ ሆዳቸውን አይስጧቸው፣ መጀመሪያ ደረቅ አገዳ ወይም ገለባ ይቅመሱ። እስከዚያ ያለፈው ዓመት አገዳ ከጎረቤትም ቢሆን ይፈልጉ። ውድ ነው፣ ከሰንጋ ግን አይበልጥም።

አሁን ወደ ዝናቡ። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ በእኛ አካባቢ በልጉ እየወጣ፣ ክረምቱ ገና በሩ ላይ የቆመበት ጊዜ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ ከሰዓት ደመናው ደንገጎና ቁሉቢ ተራሮች ላይ ይቆለላል፣ ማታ ይፈነዳል። አንዱን ቀበሌ አጥቦ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። ይህ አላፊ ዝናብ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሰፊ አገር ይዞ ይመጣል፣ ይመላለሳልም። ስለዚህ ሬዲዮው «በጥቂት ቦታዎች» ሲል የእርስዎ ማሳ ላይ ይዘንባል ማለቱ አይደለም። «በብዙ ቦታዎች» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነው ጆሮ መስጠት ያለብዎት። የሚቲዎሮሎጂውን የ10 ቀን ትንበያም ከቀበሌው ባለሙያ ይጠይቁ።

ዝናቡ ገባ ለማለት እኛ የምንጠቀምበት መለኪያ አለ። ቢበዛ በ3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ ከዚያ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ከ9 ቀን በላይ ተከታታይ ደረቅ ቀን ካልመጣ፣ ገባ እንላለን። 20 ሚሊ ሜትር ማለት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ራቅ አድርገው ያቁሙና ጠዋት ጠዋት በልጆቹ ማስመሪያ ይለኩ።

ግን ጣሳው ብቻ አይበቃም። ዶፉ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አብዛኛው ውሃ ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል። ዝናቡ ባቆመ ማግስት ዶማ ይዘው ማሳው መሃል ይቆፍሩ። እርጥበቱ ስንዝር ተኩል ካልወረደ ዘር አይጣሉ። ከዚያ ጥልቀት አፈር ዘግነው ይጨብጡ፤ ድቡልቡል ሆኖ ከያዘ ጥሩ ነው፣ ከተበተነ ገና ነው። ሰማዩ ጠቆረ ተብሎ አይዘራም።

ይገለበጥ ወይ ላሉት፣ እኔ አይቸኩሉ ነው የምለው። ነገ ጎህ ሲቀድ ማሳዎን ይዩ። ቀን የተጠቀለለው ቅጠል ጠዋት ተዘርግቶ ካገኙት ማሽላው በሕይወት አለ። ከበቀለ በኋላ አንድ ወር ያህል የማሽላ ነፍሱ ከአፈር በታች ናት፤ ቅጠሉ ቢደርቅ እንኳ ከታች እንደገና ይወጣል። ካልበቀለው ዘር ደግሞ አሥር ያህል ከተለያየ ቦታ ይቆፍሩ። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ዝናብ እየጠበቀ ነው። አብጦ ከለሰለሰና ከሸተተ አልቋል። ከሦስት እጅ ሁለቱ ደህና ከሆነ ክፍተቱን ብቻ ይሙሉ።

መዝራት ግድ ከሆነ ግን ሙይራን አይድገሙት። ሙይራ ጥሩ ማሽላ ነው፣ እንጀራውም አገዳውም። ግን ከስድስት ወር በላይ ይፈልጋል። ሰኔ መጨረሻ የተዘራ ሙይራ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ ገና ፍሬ አልያዘም። «መልካም» የሚል ስም ያለው የማሽላ ዝርያ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። ማሳዎ ላይ አቀንጭራ ካለ፣ ያችን ከማሽላው ሥር እየመጠጠች የምትኖር፣ ወይን ጠጅ አበባ ያላትን አረም ማለቴ ነው፣ ጎብዬ ወይም አብሺር የሚባሉትን ዝርያዎች ይጠይቁ። ሁለቱም ፈጥነው ይደርሳሉ፣ አቀንጭራንም ይቋቋማሉ። እነዚህ ሁለቱ ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ የመጡ ናቸው። እዚሁ ዓለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰው ናቸው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙትም በማሽላ ምርምራቸው ነው። ከማሳው አንዱን ጥግ ደግሞ ማሾ ያድርጉት፣ ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ሲል ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚቀጥለው ዶፍ ከመምጣቱ በፊት ለውሃው ማረፊያ ያዘጋጁለት። ትልሙን ተዳፋቱን አቋርጠው ያውጡ፣ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ሜትሩ በአፈር ይዝጉት። እንደ ትንንሽ ገንዳ ይሆናል። ውሃው እዚያው ቆሞ ይሰርጋል። ከላይ ጎርፍ የሚመጣበት ከሆነ መቀልበሻ ቦይ ሳይቆፍሩ ይህን አይሥሩ፣ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ዩሪያ ማዳበሪያም ዶፍ ሲጠበቅ አይበተንም። አፈሩ ረጥቦ ሲረጋ ከሥሩ አጠገብ አድርገው አፈር ያልብሱት።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ፍየሎቹን ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አያስጠልሉ። ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይም አይቆዩ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ከተራራው ወርዶ በደቻቱ ወንዝ መጥቶ ነው። አሸዋው ደረቅ ነው ብሎ ማንም አይመን።

ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ዘሩን ሲቆፍሩ መዳፍዎ ላይ አድርገው ልጁ ፎቶ ያንሳልዎትና ይላኩልኝ። እሱን ካየሁ በኋላ ስለ ዘር መግዛቱ እንነጋገራለን።