አክሪሊክ ቂም ይይዛል፦ ለወጣት ታፔላ ሠሪዎች

ልጆቼ፣

አዳማ ላይ ታፔላ መሥራት ስጀምር ፊደል የምንቆርጠው በእጅ መጋዝ ነበር። ዛሬ ፋይሉን ከኮምፒውተር ትልካላችሁ፣ ሌዘሩ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ማሽኑ ሲፈጥን እጃችሁም አብሮ መፍጠኑ ነው። አክሪሊክ፣ ይህ መስታወት የሚመስለው ፕላስቲካችን፣ የተቸኮለበትን ዕለት ምንም አይልም፤ ቂሙን ይዞ ይቆይና ደንበኛው ቤት ገብቶ ይሰነጠቃል።

እኔ የተማርኩት በአንድ የወርቅ ቤት ሣጥን ነው። ባለ 5 ሚሊሜትር ሉህ ቆርጬ፣ ጠርዙን በእሳት አንጸባርቄ፣ በዚያው ዕለት በክሎሮፎርም አጣበቅሁት። መስታወት ነበር የሚመስለው። በማግስቱ የሱቁ ልጅ በአልኮል ወለወለችው። ከሰዓት ጠርተውኝ ስሄድ ጠርዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተደርድረው ቆዩኝ። ባለቤቱ ልጅቷን ሊቆጣ ሲነሣ አላስቻለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሳት የነካው ጠርዝ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል፤ ክሎሮፎርም፣ አልኮል ወይም ቲነር ሲያገኘው ያ ውጥረት ይፈነዳል። ሌዘር የቆረጠው ጠርዝም እንደዚያው ነው፤ ማማሩ አያታላችሁ። ከማጣበቃችሁ በፊት ሉሁን 80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አቆዩት፤ ከዚያ ሳታወጡት እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ምድጃ ከሌላችሁ የሚጣበቀውን ጠርዝ እሳት አታስነኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ አለስልሱት። ለማጽዳት ደግሞ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ይህን ለደንበኛው በቃል ብቻ አትንገሩት፤ ጽፋችሁ ስጡት።

ሁለተኛው የከተማችን ፀሐይ ነው። አንድ ሜትር አክሪሊክ በየ10 ዲግሪው ሙቀት 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። 2.44 ሜትር ሉህ ማለዳ በቅዝቃዜ ሰቅላችሁ ቀትር ላይ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ 5 ሚሊሜትር አድጓል። ብሎኑን አጥብቃችሁ ካሰራችሁት የት ይሂድ? ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ነፋሱንም ጨምሩበት፤ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች ለምን እዚህ እንደተተከሉ ለአዳማ ሰው አይነገረውም። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍታችሁ ብሱ፣ የላስቲክ ሮንዴላ አድርጉበት፣ ብሎኑን በጣም አታጥብቁ። የብረት መብሻ ፑንታ እንዳለ ከተጠቀማችሁም ሲወጣ ይነክሰዋል። ስለቱን በመሳያ ድንጋይ ትንሽ ግደሉት፤ ከሥሩም እንጨት ደግፉለት።

ስለ ጤናችሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ክሎሮፎርም ጉበት ይጎዳል፤ በር ዘግታችሁ አትሥሩበት። ሌዘሩ እየቆረጠ ጥላችሁት አትውጡ፤ አክሪሊክ እሳት ከያዘው አይምርም። ምንነቱን ያላወቃችሁትን ፕላስቲክ ደግሞ ማሽን ውስጥ አታስገቡ። ፒቪሲ (የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ከሆነ የሚያወጣው ጭስ ማሽኑንም ሳንባንም ይበላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ደጅ ወጥታችሁ የመዳብ ሽቦ አግሉ፣ ፕላስቲኩን ንኩበት፣ ሽቦውን ወደ እሳቱ መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ለሌዘር አይሆንም።

የምትይዙት ነገር ክቡር መሆኑንም እወቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ነበር። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ፣ የተሰበረ መስኮት ፍንጣሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ቀርቶ ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ የተከለውም ከዚሁ የፕላስቲክ ዘር ሠርቶ ነው። በሞራ ምክንያት ማየት ተስኗቸው የነበሩ ስንት እናቶች ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩ! እኔ ቁራጭ ሉህ መሬት ላይ ወድቆ ሲረገጥ ሳይ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ስለ ማጠፍ ልጨምር። ብዙዎቻችሁ የምጣድ ረዚስታንስ ወጥራችሁ ማጠፊያ ትሠራላችሁ፤ እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ሽቦው ሲያጥር ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳታሳዩ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ሉሁ ሽቦውን አይንካ፤ ወፍራም ከሆነ እያገላበጣችሁ ሁለቱንም ፊት አሙቁ። አክሪሊክ 105 ዲግሪ አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ ለማጠፍ ግን ከ150 እስከ 160 ይፈልጋል። እጅ ላይ እንደ ለፋ ቆዳ ሲለመጥ ደርሷል። ከታገላችሁ ገና ነው፤ በጉልበት ያጠፋችሁት በኋላ ይሰነጠቃል። አረፋ ካወጣ ወይ ከልክ በላይ ሞቋል፣ ወይ እርጥበት ጠጥቶ ነበር።

ካስት የሚባለውን፣ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራውን ዓይነት ቁራጭ ካገኛችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። እንደ ክርን እጠፉትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ መልሳችሁ ምድጃ ውስጥ አስገቡትና በመስኮቱ እዩት። ማንም ሳይነካው ክርኑ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይከፈታል፣ መጀመሪያ እንደነበረው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል።