ለምን በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይከቱትም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። ወዲያው ደግሞ «ፋብሪካ ውስጥ ግን ጋዙን የሚያስገቡት ውሃ ውስጥ ሳይሆን አሲድ ውስጥ ነው» አሉን። አሲድ ለመሥራት አሲድ? ለምን በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይከቱትም? ልጠይቃቸው ስል ደወል ተደወለ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይሄው ጥያቄ እኔንም አስጨንቆኛል። ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት በፈረቃ ሠርቻለሁ። መልሱ በደንብ የገባኝ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ሳይ ነው።

መንገዱን ባጭሩ ላስታውስሽ። ድኝ (ሰልፈር) በደረቅ አየር ይቃጠልና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እሱ ደግሞ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ በያዘ ካታሊስት (ውህደቱን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ትራይኦክሳይድ ይሆናል። በፊት ካታሊስቱ ፕላቲነም ነበር። ይህን ዘዴ በ1831 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ፔሪግሪን ፊሊፕስ የሚባል የብሪስቶል ኮምጣጤ ነጋዴ ነው። ኮምጣጤ ነጋዴ መሆኑን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ትራይኦክሳይድና ውሃ ሲገናኙ ብዙ ሙቀት ይወጣል። ውሃው ይተናል። ጋዙም ፈሳሹ ጋ ከመድረሱ በፊት እንፋሎቱን ያገኘውና እዚያው ይዋሃዳል። የሚፈጠረው አሲድ ነው፤ ግን ጉም ሆኖ ነው። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጋዝ ሞለኪውል ወዲያ ወዲህ ሲል ፈሳሹን ቶሎ ያገኘዋል። የጉም ጠብታ ግን እንደ ጋዝ አይፈጥንም፣ እንደ ዝናብም ከብዶ አይወርድም። ከሚያልፈው ጋዝ ጋር ተሳፍሮ፣ ጋዙና ፈሳሹ የሚገናኙበትን ማማ አልፎ ይወጣል።

98 በመቶ አሲድ ውስጥ ያለው ውሃ ግን በአሲዱ ታስሯል። የሚተነው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ጋዙ ጉም ሳይሠራ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ይወፍራል፤ ማለትም የአሲዱ መቶኛ ይጨምራል። ከዚያ በልኩ ውሃ ይጨመርበትና ወደ 98 ግድም ተመልሶ፣ በፓምፕ እንደገና ማማው አናት ላይ ይወጣል። አየሽ፣ መምህርሽ የጻፉት ልክ ነው። ውሃውም አልቀረም፣ በሌላ በር ገባ እንጂ።

ከልክ በላይ ቢወፍርስ? ያኔ ደግሞ ትራይኦክሳይዱ ራሱ ከአሲዱ ይተናል፤ ውጭ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ያው ጉም ነው። ሁለቱም የሚቀንሱት 98.3 በመቶ አካባቢ ነው። እኛም ሌት ተቀን የምንጠብቀው ይህችን ቁጥር ነበር።

አንድ ሌሊት መለኪያው ተበላሽቶ ኖሮ፣ አሲዱ ሳይወፍር ወፍሯል እያለ ውሃ ያስጨምር ነበር። እኛም ቁጥሩን አምነን ተቀምጠናል። ሊነጋጋ ሲል ወጣ ብዬ ቀና ብል፣ ከጭስ ማውጫው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጉም ይወጣል። ሮጬ ናሙና ቀዳሁ። 96 እንኳን አልሞላም! ውሃውን ዘጋን። አሲዱ እየወፈረ ሲሄድ ጉሙም እየሳሳ ጠፋ። ግን እስከዚያ ድረስ ያንን ሲተነፍሱ ያደሩ ሰዎች አሉ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ስረከብ ከመለኪያው በፊት የማየው ሰማዩን ሆነ።

አንድ ነገር አደራ። እኛ ውሃ ወደ አሲድ የምንጨምረው፣ የሚዘዋወረው አሲድ ብዙ ቶን ስለሆነና ሙቀቱን ተሸክሞ በማቀዝቀዣ ስለሚያልፍ ነው። አንቺ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለሽ አንዲት ብርጭቆ ናት። ስታቀጥኚ አሲዱን ጠብ እያደረግሽ ወደ ውሃው ጨምሪ እንጂ፣ ውሃ አሲድ ላይ እንዳታፈሺ። ይፈላና ፊትሽ ላይ ይረጫል። መነጽርሽንም አታውልቂ።