ትንሽ ኮሌጅ ፉትቦል ሲጀምር፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ የምንነጋገረው ኳሱ ሞላላ ስለሆነው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለት ትንንሽ ኮሌጆች ፉክክር እንዴት ከመቶ ዓመት በላይ ይዘልቃል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቅርበት ነው። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ላፋዬት ኮሌጅ ኢስተን ከተማ፣ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቤተልሔም ከተማ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ከ1884 ጀምሮ ይጋጠማሉ፤ በኮሌጅ ፉትቦል የእነሱን ያህል ብዙ ጊዜ የተገናኘ የለም። 150ኛውን ጨዋታ በ2014 ኒውዮርክ ባለው ያንኪ ስታዲየም አደረጉ። የጨዋታው ቁጥር ከዓመቱ የበለጠው ድሮ በአንድ የውድድር ወቅት ውስጥ ሁለቴ ይገናኙ ስለነበር ነው። የቀሩት በ1896 ብቻ ነው፤ ሊሃይ የላፋዬት ተጫዋች ለገንዘብ ቤዝቦል ተጫውቷል ብሎ እምቢ አለ። አዲስ ኮሌጅ ከዚህ የሚወስደው፦ የወቅቱን የመጨረሻ ቅዳሜ በየዓመቱ ለአንድ ጎረቤት ይተው፣ ቀኑንም አይቀያይር።

ጥያቄ፦ 40 ልጅ ይዘን ብንጀምርስ?

መልስ፦ አልመክርም። 11 ለማጥቃት፣ 11 ለመከላከል ያስፈልጋል፤ በልምምድ ላይ ደግሞ የተጋጣሚን አጨዋወት የሚያስመስል ሌላ ቡድን አለ። ጥቅምት ላይ ቀድመው የሚሳሱት የመስመር ተጫዋቾች፣ ማለትም ኳሱ ፊት ተፋጠው የሚገፋፉት ግዙፎች ናቸው። ያኔ ያልበሰለ ልጅ ከግዙፍ ሰው ፊት ይቆማል፤ ይጎዳል። አሰልጣኙን ከመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ዓመት አስቀድሞ መቅጠር፣ የመጀመሪያውንም መኸር በልምምድ ማሳለፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስኮላርሺፕስ?

መልስ፦ ዲቪዥን 3 (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሦስተኛው ምድብ) ከሆናችሁ በስፖርት ችሎታ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የሃይስኩል ሜዳ ብንከራይ?

መልስ፦ ስፋቱና ርዝመቱ አንድ ነው፤ ችግሩ ጎሉ ነው። የሃይስኩሉ በቋሚዎቹ መካከል 23 ጫማ ከ4 ኢንች፣ የኮሌጁ 18 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ሜዳው መሃል ያሉት አጫጭር ምልክቶችም ቦታቸው ይለያል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ለክታችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ሙቀት ልምምድ እንዴት ይጀመራል?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄልሜት ብቻ፣ ቀጥሎ የትከሻ ፓድ፣ ሙሉ ትጥቅ በመጨረሻ። ሰውነት ሙቀቱን ሳይለምድ ትጥቅ ከደረበ ላቡ ስለማይተን ሙቀቱ ውስጡ ይታመቃል። በረዶና ውሃ የሞላ ገንዳ ሜዳው ዳር ሳይኖር ልምምድ አይጀመር። ልጅ ግራ ተጋብቶ ከወደቀ አምቡላንስ አስጠሩ፣ ግን መጥቶ እስኪወስደው አትጠብቁ፤ ወዲያው ገንዳው ውስጥ ከአንገት በታች ንከሩት፣ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሄልሜት እንግዛ?

መልስ፦ ውስጡ የተጻፈውን የምርት ዓመት እዩ። 10 ዓመት ያለፈውን ያገለገለ ሄልሜት የሚያድሱ ድርጅቶች አይቀበሉትም፤ ርካሽ ቢሆንም ተዉት።